ጨዋታ ገምጋሚ ኮሚቴ

በዚያ ዘመን ያልተገመገመ ነገር ነበር እንዴ? እስቲ አስታውሱ። ሠራተኛው ይገመገማል፣ አለቃው ይገመገማል፣ ገምጋሚው ራሱ ሌላ ቀን ተራው ደርሶ ይገመገማል። እኛ መምህራን ደግሞ ከሁሉም የባስን ነበርን። ዳይሬክተር ይገመግመናል፣ ዲፓርትመንት ይገመግመናል፣ ወላጅ ይገመግመናል። ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎ፣ በፈተና የጣልነው ተማሪ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ይገመግመናል። እና ዳይሬክተራችን ወይዘሮ አበባ አንድ ቀን ቢሯቸው ጠርተው "ሰብለ፣ ገምጋሚ ሆነሻል" ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። ማዕረግ የተሰጠኝ ነው የመሰለኝ።

"ማንን ነው የምገመግመው?" አልኳቸው፣ ደስታዬን ለመደበቅ እየታገልኩ።

"ጨዋታ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ አበባ ክፍለ ከተማው ያዘጋጀው ሥልጠና ላይ ተቀምጠው ነበር የመጡት። አሠልጣኙ አንድ ነገር በፕሮጀክተር ያሳያቸዋል። ጥያቄ ብቅ ይላል። ከሥሩ አራት መልሶች በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ይደረደራሉ። ሙዚቃ ይመታል፣ ሰዓት ይቆጥራል። ሠልጣኙ መልሱን በስልኩ ይነካል፣ የቀደመው ሰው ስም ግድግዳው ላይ በትልቁ ይወጣል። አስቡት እንግዲህ! ስንት ዓመት ሥልጠና ላይ ከእንቅልፍ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ዳይሬክተሮች በሙሉ ነቅተው፣ "እኔ ነኝ የቀደምኩት፣ የለም እኔ ነኝ" እየተባባሉ። ወይዘሮ አበባ ሦስተኛ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው?

እንዲህ ዓይነቱ የኦንላይን የጥያቄና መልስ ጨዋታ ለካ ብዙ ዓይነት አለው። ለእኛ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሚሆን አጥንቶ የሚያቀርብ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሁለት ሰው ነው። አንደኛዋ እኔ፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ።

"ሌላው አቶ ደምሴ ናቸው" አሉኝ ወይዘሮ አበባ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

እዚህ ላይ ስለ አቶ ደምሴ ሳልነግራችሁ ወዲያ ማለፍ አልችልም። አቃቂ ተወልዶ ያደገ፣ በተለይ ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሰው፣ ወይ በእሳቸው ተምሯል፣ ወይ ልጁን አስተምረውለታል። ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምሩት። የሚታወቁት ግን በድምፃቸው ነው። ያ ድምፅ ለብቻው ደመወዝ ይገባው ነበር። እሳቸው ዘጠነኛ ኤ ሲያስተምሩ ዘጠነኛ ሲ ማስታወሻ ይጽፋል ይባል ነበር። ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ራሴ ዘጠነኛ ሲ ሆኜ ጽፌያለሁ። የፕላዝማ ትምህርት የመጣ ጊዜ እንኳን፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ያሉት አስተማሪ በእንግሊዝኛ ሲያወርዱት፣ አቶ ደምሴ ከጎን ቆመው በአማርኛ ያብራሩ ነበር። ማን እንደሚሰማ መንገር አያስፈልግም።

በኋላ አሥረኛ ክፍል በቀጥታ እሳቸው ደረሱኝ። እኔ ያኔ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ተነሥቼ ሳነብ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ እንኳን አትሰማኝም። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ማሽን ሥር ሲውል ጆሮው ደክሞ ቤት ውስጥ የምናወራው በምልክት ነው ማለት ይቻላል። አቶ ደምሴ ታዲያ በየሳምንቱ እያስነሡ ያስነብቡኛል። እሳቸው መጨረሻው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። "ሰብለ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ለእኔ አንብቢልኝ" ይላሉ። ተቆጥተው አያውቁም። ሲስቁብኝ የነበሩትን ልጆች ግን በዓይናቸው ብቻ ያስቆሟቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ ሳነብ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። ዛሬ ሰማንያ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ኩላሊት ሳወራ ያ ድምፅ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከዚያ ነው የመጣው።

እንግዲህ እኚህ ሰው በዚያ ክረምት አንገታቸው ላይ የነበረውን እንቅርት ኦፕራሲዮን ሆኑ። እንቅርቱ በሰላም ወጣ፣ ድምፁ ግን ከሰመመን አብሯቸው አልነቃም። ሐኪማቸው ነርቩ ደክሞ ነው፣ ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ጊዜ ይስጡት አሏቸው። መስከረም ሲጠባ አቶ ደምሴ ሹክሹክታ ብቻ ይዘው መጡ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ሰው በሹክሹክታ ሲያናግራችሁ እናንተም ሳታውቁት ሹክ ማለት ትጀምራላችሁ። ሞክሩት። ስታፍ ክፍል ውስጥ አቶ ደምሴ "እንደምን አደራችሁ" ሲሉ ሁላችንም "እግዚአብሔር ይመስገን" የምንለው እንደ ሌባ ነበር። የስፖርቱ አስተማሪ እንኳን፣ ሜዳ ላይ ሲጣራ ቃሊቲ የሚሰማው ሰውዬ፣ እሳቸው ፊት ሲደርስ ሹክ ይላል።

ሹክ የማይለው ተማሪው ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከኋላ "ቲቸር አይሰማም!" ይላል አንዱ። ሌላው "ዝም በል፣ እናዳምጥበት!" ብሎ ይጮኻል። ሦስተኛው "አንተ ራስህ ዝም በል!" ይላል። ዝም ለማሰኘት በሚደረገው ጩኸት ፔሬዱ ያልቃል። አቶ ደምሴ ሰሌዳውን በዳስተር እየደበደቡ፣ ልብሳቸው በጠመኔ ብናኝ ነጭ ሆኖ ይወጣሉ።

"የሚቀጥለው ሴሚስተር ላይብረሪ ይዛወሩ ተብሏል፣ ለጤናቸው ሲባል" አሉኝ ወይዘሮ አበባ። "ከክፍለ ከተማው ሱፐርቫይዘር መጥቶ አይቶ ይወስናል። እስከዚያ በዚህ ኮሚቴ ልያዛቸው ብዬ ነው።"

"እሳቸውስ ያውቃሉ?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"ምን አሉ?"

ወይዘሮ አበባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ ሰብለ። ይድገሙልኝ ለማለት ደግሞ አፈርኩ።"

የዚያኑ ዕለት ከአቶ ደምሴ ጋር አብረን ወደ ቤት ወጣን። ባጃጅ እናቁም ስላቸው እንቢ አሉኝ፣ የባጃጅ ሞተር ውስጥ የእሳቸው ድምፅ አይሰማማ። በእግራችን ሄድን። እኔ ዛሬም "ቲቸር" ነው የምላቸው፣ የሥራ ባልደረባ ከሆንን በኋላም ሌላ ስም አፌ እንቢ ብሎኛል።

"ቲቸር፣ ላይብረሪው እኮ ጥሩ ዕረፍት ነው" አልኳቸው። ለማጽናናት ነው።

ቆሙ። እኔም ቆሜ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ላይብረሪ ዝምታ ለሚወድ ሰው ነው" አሉኝ። "እኔ ዝምታ ወድጄ አላውቅም። ጡረታ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ስወጣ ከክፍል ልውጣ እንጂ ከመደርደሪያ መሃል አልውጣ።"

ያኔ ነው ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ የቀረው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ፣ ያንን ወይዘሮ አበባ ሦስተኛ የወጡበትን፣ ዘጠነኛ ኤ ላይ ሞከርነው። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለአንድ ፔሬድ ብቻ ፈቀድን። ወይ ጉድ! "ስልክ የለኝም፣ አቡዬን የለኝም" እያለ በር ላይ ሲምል የከረመው ሁሉ ከካልሲው፣ ከሹራቡ ውስጥ፣ አንዷማ ከምሳ ዕቃዋ ውስጥ አወጣች። በሩ ላይ ፈታሽ የሆነው ዘበኛችን ቢያይ ሥራ ይለቅ ነበር።

ጨዋታው ለመግባት ስም ጻፉ ይላል። ስም ሲል መቼም የመዝገብ ስማችሁን ጻፉ ማለቱ ነው ብለን አሰብን። ፕሮጀክተሩ ላይ የወጣውን ስም ዝርዝር ብታዩ! "የሳሪስ አንበሳ"፣ "ዜሮ አይገድልም"፣ "ፕላዝማን ማን ዘጋው"፣ አንዱ ባለጌ ደግሞ "ወይዘሮ አበባ" ብሎ ገብቷል። ጥያቄዎቹ አለቁ፣ ሙዚቃው ቆመ፣ ደረጃ ወጣ። የሳሪስ አንበሳ አንደኛ። ወይዘሮ አበባ ከሁሉም መጨረሻ።

እውነተኛዋ ወይዘሮ አበባ በሩ ላይ ቆመው እያዩ ነበር።

"ማነው እኔ?" አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የዚያን ቀን ጸጥታ ያየነው ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው። ደግነቱ ወይዘሮ አበባ እኛ እንደፈራናቸው አልሆኑም። "ማንም ሁን፣ ስሜን ከያዝክ አጥና" ብለው ሳቃቸውን ይዘው ወጡ።

እኔ ወድጄው ነበር። አቶ ደምሴ ግን ልጆቹ ከወጡ በኋላ አንድ ወንበር አሳዩኝ። ነጂማ የምትባል ልጅ የምትቀመጥበት ነው። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፣ አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዝምተኛ ናት። ስልክ የላትም፣ ስልክ ያላቸው ልጆች ደግሞ ሦስት አራት ሆነው ተጋፍተው ሲጫወቱ እሷ ፔሬዱን ሙሉ እጇን አጣጥፋ ነው የጨረሰችው።

"ስልክ የሌላት ልጅ መልስ የላትም ማለት ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ልክ ነው" አልኩ፣ በሹክሹክታ።

ሁለተኛውን ጨዋታ አይሲቲ ክፍል ውስጥ በኮምፒውተር ሞከርን። ይሄኛው መኪና ያሽቀዳድማል። በትክክል የመለሰ መኪናው ይሮጣል፣ በፍጥነት የመለሰ የበለጠ ይሮጣል። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው። ምን ገባቸው? ጥያቄውን ማንበብ ጊዜ እንደሚያባክን ነዋ! ዝም ብሎ አንዱን መጫን። ሲሳሳቱ ሌላውን መጫን። የአየር ንብረት ጥያቄ ይምጣ የሕዝብ አሰፋፈር፣ ማንም አላየውም። ድምፅ ማጉያው ደግሞ የመኪና ጩኸት ሲለቅ ከጎን ያለው ክፍል መስኮት ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ያኔ ኢንተርኔት እንደ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው። ስክሪኖቹ ላይ ያቺ የምታውቋት ክብ መሽከርከር ጀመረች። ልጆቹ እሷን እያዩ አንገታቸውን አብረው ያሽከረክራሉ። ተመለሰ ስንል መብራቱ ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ጆሮዬ ሥር አቶ ደምሴ "ይሄኛው ጂኦግራፊ ሳይሆን መንጃ ፈቃድ ነው" አሉኝ።

ሳቅኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አልቆየም። የሱፐርቫይዘሩ መምጫ እየቀረበ ነው፣ እኛ ደግሞ የማይሆነውን እንጂ የሚሆነውን አላገኘንም። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ዳታ እየሞላሁ ስፈልግ ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ላይ እንግዳ ነገር አየሁ። በዚህኛው ጨዋታ ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም፣ ስልክ የሚይዘው አስተማሪው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለበት አንድ ካሬ ወረቀት ይታተምለታል። በካሬው አራት ጎኖች ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ ፊደላት በደቃቁ ተጽፈዋል። ተማሪው መልሴ የሚለውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ያነሣል። አስተማሪው ስልኩን ክፍሉ ላይ ሲያዞር፣ ስልኩ ወረቀቶቹን እያነበበ ማን ምን እንደመለሰ ይነግረዋል። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ከሩቅ ተኮራርጆ መገልበጥ አይቻልም። ሙዚቃ የለ፣ መኪና የለ፣ ሩጫ የለ።

ወይዘሮ አበባን ለዘጠነኛ ኤ ልጆች በሙሉ የሚበቃ ወረቀትና ቀለም ይስጡን አልኳቸው። የማተሚያ ቀለም በዚያን ጊዜ ለፈተና ብቻ የሚወጣ ነገር ነበር። የማተሚያ ክፍሉን ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። እኚህን ሴትዮ ባሰብኩ ቁጥር የማመሰግነው ለዚያች ቁልፍ ነው።

ልጆቹ ወረቀቱን በአሮጌ ደብተር ሽፋን ላይ ለጠፉት። አቶ ደምሴ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ አራቱን መልሶች ደረደሩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ወረቀቶቹ በሙሉ ከፍ አሉ። እኔ በስልኬ ቃኘሁ፣ ውጤቱን አሳየኋቸው። ግማሹ ክፍል ተሳስቷል።

አሁን ልብ በሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አቶ ደምሴ ማብራሪያ ሲጀምሩ ልጆቹ ለምን እንደሚሰሙ አያውቁም ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ አንድ መልስ መርጧል፣ እጁን አንሥቷል፣ ልክ ይሁን ስህተት አያውቅም። ማወቅ ይፈልጋል። አቶ ደምሴ ሰሌዳውን ትተው ወደ መሃል ገቡና በሹክሹክታ "መልሱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው" አሉ።

እናንተዬ፣ ዝንብ ብትበር ትሰማ ነበር። የኋላዎቹ ተነሥተው ጠጋ አሉ። የፊቶቹ ዞረው በጉልበታቸው ወንበር ላይ ወጡ። ያ ሁሉ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ሹክሹክታ ዙሪያ ተሰበሰበ። አንዱ ሊያስል ሲል ጓደኛው አፉን ያዘው።

ለሳምንታት እንዲህ ሠራን። አቶ ደምሴ ወደ ክፍል ሲገቡ መራመዳቸው ተለወጠ።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣበት ቀን ደረሰ። ኮስታራ፣ ሸሚዙ እስከ መጨረሻው የተቆለፈ ሰው ነው። ከወይዘሮ አበባ ጋር መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የመጣው ለሁለት ነገር፣ ጨዋታውንም አቶ ደምሴንም ለመመዘን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ አቶ ደምሴ ያውቃሉ፣ ተማሪዎቹም እንዴት እንደሆነ አላውቅም ያውቃሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሚስጥር የለም።

አቶ ደምሴ ጥያቄውን ጻፉ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት፣ በአማርኛ ስናገረው እንዲህ ነው፦ "አቃቂ ወንዝ ውስጥ የጣላችሁት ፌስታል ማንም ካልያዘው መጨረሻው የት ይደርሳል?" ኤ፣ ሱዳን። ቢ፣ ቀይ ባሕር። ሲ፣ ሕንድ ውቅያኖስ። ዲ፣ አፋር።

ወረቀቶቹ ከፍ አሉ። እኔ ስልኬን አነሣሁ።

ዳታ የለም።

አጠፋሁት፣ አበራሁት። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ለአቶ ደምሴ በዓይኔ "የለም" አልኳቸው። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን ሲያነሣ አየሁ። ዘጠነኛ ኤ ወረቀቱን አንጠልጥሎ ይጠብቃል፣ ክንዳቸው እየዛለ ነው። አሁን አንዱ "ቲቸር፣ ምን ሆነ?" ቢል አለቀ፣ ሁሉም ይጮኻል፣ ሱፐርቫይዘሩም የሚያየውን ያያል።

አንድም ልጅ ትንፍሽ አላለም።

አቶ ደምሴ መጥተው ስልኬን በእጃቸው ዝቅ አደረጉትና "ተይው" አሉኝ። ከዚያ በወንበሮቹ መሃል በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። እያንዳንዱ ልጅ ፊት ይቆማሉ፣ ጎንበስ ብለው ደቃቁን ፊደል ያነባሉ፣ ልጁን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ማለፍ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ግን እያንዳንዱ ልጅ ተራው ሲደርስ ቀና ይላል። በዚያ ሰማንያ ልጅ በሚታጨቅበት ክፍል ውስጥ፣ አስተማሪው ፊት ለፊቱ ቆሞ "አንተስ ምን አሰብክ?" ያለው ልጅ ከዚያ በፊት ስንት ነበር?

አብዛኛው ቀይ ባሕር ነው ያለው። ዲ ያነሡት በጣም ጥቂት ናቸው። አቶ ደምሴ የመጨረሻዋ ወረቀት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ነጂማ ናት። ዲ።

"ለምን?" አሏት በሹክሹክታ።

ነጂማም እንደ ሁላችንም በሹክሹክታ መለሰች። "አባቴ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። የእኛ ወንዝ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አፋር በረሃ ውስጥ ነው የሚቀረው ብሎኛል።"

"ትክክል" አሉ አቶ ደምሴ። ከዚያ ያችን ፌስታል ከድልድያችን ሥር አስነሥተው፣ አባ ሳሙኤልን አሳልፈው፣ ቆቃ አስገብተው፣ በአዋሽ ይዘዋት ወረዱ። በሹክሹክታ ነው ታዲያ። አፋር ላይ አዋሽ ከሚያልቅበት ሐይቅ ሲያደርሷት ክፍሉ ሙሉ ትንፋሹን ለቀቀ። ዞር ብዬ ሳይ ሱፐርቫይዘሩ ወንበሩን ትቶ ከልጆቹ መሃል ቆሟል። የሸሚዙን ቁልፍ ፈቷል።

ደወል ተደወለ። ልጆቹ ሲወጡ ሱፐርቫይዘሩ መጣ።

"ኔትወርኩ ጥሩ ነው እንዴ እዚህ?" አለ።

"ፔሬዱ ከተጀመረ ጀምሮ የለም" አሉ አቶ ደምሴ።

"ታዲያ ቴክኖሎጂው የታለ?"

አቶ ደምሴ "ቴክኖሎጂው ወረቀት እንዲያነሡ አስተማረን። ቀሪውን እንግዲህ እኛ ነን" አሉ።

ሱፐርቫይዘሩ ግራ ቀኝ አየ፣ ሰው እንዳይሰማው ጠጋ አለና በሹክሹክታ "እኔም ቀይ ባሕር ብዬ ነበር" አለ።

አቶ ደምሴ ላይብረሪ አልገቡም። ሱፐርቫይዘሩ ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም፣ ግን ተዉዋቸው ማለቱን ወይዘሮ አበባ እየሮጡ መጥተው ነገሩኝ። ኮሚቴያችን ሦስተኛውን ጨዋታ መረጠ። ክፍለ ከተማው ደግሞ ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ተቀምሮ ይስፋፋ አለ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ለልምድ ልውውጥ እየመጡ "ሶፍትዌሩን አሳዩን" ሲሉን የደብተር ሽፋን እናሳያቸው ነበር። አንዳንዶቹ የደበቅናቸው ይመስላቸዋል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የአቶ ደምሴ ድምፅ እየተሰነጠቀ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ዘይት ያጣ በር ይመስል ነበር። ከዚያ ጎረነነ። አንድ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ሳለ፣ ከሰልፉ ኋላ አንዱ ልጅ ኮፍያ አድርጎ ያዩታል። "አንተ! ኮፍያህን አውልቅ!" አሉ። ያው የድሮው ድምፅ ነው፣ ምንም አልጎደለበትም። ግቢው ውስጥ ኮፍያ ያደረገ ሁሉ አወለቀ፣ ዘበኛው ጭምር። ወይዘሮ አበባ መዝሙሩ መሃል እልል አሉ። እኔ ምን እንደሆንኩ አልነግራችሁም፣ ዓይኔን ስጠርግ ነበር።

የዚያኑ ቀን ዘጠነኛ ኤ ገብተው በሙሉ ድምፃቸው "እንደምን አደራችሁ!" ቢሉ ክፍሉ ደነገጠ። ትንሽ ቆይቶ የክፍሉ አለቃ እጁን አነሣ። "ቲቸር፣ ይቅርታ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ግን ትንሽ ቀስ ቢሉልን? እንሰማዎታለን እኮ።"

በዚያው ሳምንት እንኳን ደስ አላችሁ ልል ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ድግስ ቢጤ አዘጋጅተው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል። በልተን ጠጥተን ስወጣ እስከ ውጭው በር ሸኙኝ። ከቤት ውስጥ አቶ ደምሴ ለጎረቤቶቹ አዋሽ ለምን ባሕር እንደማይደርስ ሲያስረዱ ታክሲ ተራው ድረስ ይሰማል።

ወይዘሮ የሺ እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ ተመስገን ነው። ስለቴ ሰምሯል፣ ድምፁን መልሶልኛል" አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

"ተመስገን ነው እማማ" አልኩ።

ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። ድምፁ አሁን ቆቃ ደርሷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

"ያ የወረቀት ጨዋታ ግን... ለቤት የሚሆን የለውም?"